የቅናት በርጩማ

አጥር ከቤት በፊት የሚሠራበት አንድ አገር ነበር። አገሩ ስም ነበረው፤ ስሙ ግን ያማረ ስለነበር ጎረቤት አገር እንዳይቀና ተብሎ ተሻረ። ስለዚህ እኛም ስሙን አናነሳም። የሚሰማ ሰው በመሰለው ይጥራው።

በዚያ አገር ሰው ሁሉ አበባ ይተክላል። ደጁ ላይ የአበባ መደብ የሌለው ሰው ምስክር አይሆንም፤ ሚስትም አይሰጡትም። አበባውም ሁለት ዓይነት ነው። በጋውን አብቦ ክረምት ሲገባ እስከ ሥሩ የሚሞተውን «ሂያጅ» ይሉታል። ክረምቱን ላዩ በስብሶ፣ ሥሩ ግን ጭቃ ውስጥ ተኝቶ ከርሞ፣ ፀሐይ ስትወጣ የሚነሳውን ደግሞ «ተመላሽ» ይሉታል።

ሂያጅ ቀላል ነው። ዘሩን በትኖ ማጠጣት ነው። ተመላሽ ግን ትዕግሥት ይፈልጋል። የተብላላ ፍግ ይወዳል። ፀሐይ ስትበረታ ሥሩ ገለባ ይለብሳል። የጠወለገው ራሱ ካልተቀነጠሰለት ሌላ እንቡጥ አያወጣም። በሦስተኛው በጋ ደግሞ ተቆፍሮ ለሁለት ካልተከፈለ መሐሉ ይሞታል፤ ሥሩ በገዛ ራሱ ላይ ተጠምጥሞ ይታነቃል። ስለዚህ የጥንት ሰዎች አንድ ልማድ ነበራቸው። በሌላ ሰው መደብ ላይ ተመላሽ የተከለ ሰው ከልብሱ ክር መዝዞ በትንሽ ችካል ላይ ያስርና ከአበባው ሥር ይቸክለዋል። በሦስተኛው በጋ ሥሩ ሲከፈል ግማሹ የባለ መደቡ፣ ግማሹ የባለ ክሩ ይሆናል። ሹሞች ይህን የክር ልማድ አያውቁትም። አበባ ተክለው አያውቁማ። ስላላወቁትም አልከለከሉትም።

ሌላውን ግን ከልክለዋል።

ነገሩ የጀመረው በድሮው ንጉሥ ነው። ንጉሡ አንድ ቀን መስኮቱን ቢከፍት የአንዲት መበለት አበባ ታየው። ምሳውን ሳይቀምስ ዋለ። መኳንንቱ ተጨንቀው ተሰበሰቡና፣ «ንጉሥ አይቀናም፤ አበባዋ ናት ያስቀናችው» ብለው ፈረዱ። አበባዋ ተነቀለች። ንጉሡም ራቱን በደንብ በላ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በዚያ አገር ጥፋተኛው የቀናው መሆኑ ቀርቶ የተቀናበት ሆነ።

ይህን የሚያስፈጽም የዓይን ሹም ተሾመ። የጎረቤቱ አበባ ዓይኑን ያቀላበት ሰው ሄዶ ይከሳል። በቀጠሮው ቀን በርጩማ ተሸክመው ይመጡና አጥሩ ሥር ያስቀምጡለታል። ከሳሽ ፊቱን ወደ ጎረቤቱ አበባ አዙሮ ከማለዳ እስከ ቀትር ይቀመጥበታል። ቀትር ላይ ሹሙ የዓይኑን ነጭ ይመረምራል። ቀልቶ ከተገኘ የጎረቤቱ መደብ ይነቀላል፤ መሬቱም ለቀናው ሰው ይሰጣል። ዓይናቸውን በሽንኩርት የሚያሹ ስለበዙ እጅ አሽታች የሚባል ሹመት ተጨመረ። የእጅ አሽታቹ ሚስት፣ አፍንጫው እንዳይበላሽ፣ በቤቷ ሽንኩርት ሳትከትፍ አረጀች።

ለጎረቤት ሥር መስጠትም ተከለከለ። የሰጠኸው ሰው አበባ ሲያምር ያልሰጠኸው ይቀናል ተባለ። «ሥር አጥር አይዘልም!» ተብሎ በየገበያው ተለፈፈ።

ሰዉም ተማረ። ማለዳ ተነስቶ በገዛ አበባው ላይ አመድ ይነሰንሳል። ሰላምታውም ተለወጠ።

«አበባህ እንዴት አደረ?»

«ተመስገን፣ ጠውልጓል።»

«ልጆችህስ?»

«ተመስገን፣ ከስተዋል።»

ላቀው የሚባል ሰው በዚህ አገር ዳርቻ፣ ገደል አፋፍ ላይ ይኖር ነበር። ሚስቱ አትጠገብ ትባላለች። ልጃቸው አንዲት ናት፤ ትርንጎ። ላቀው ከአባቱ የወረሰው ሂያጅ መዝራት ብቻ ነው። ከአጥሩ በወዲያ በኩል እማማ ይርገዱ የሚባሉ መበለት አሉ። ከእሳቸው ወዲያ ገደሉ ነው። ገደል አይቀናም። ስለዚህ እማማ ይርገዱን ከስሶ በበርጩማው ላይ ሊቀመጥ የሚችል ሰው ላቀው ብቻ ነበር። መደባቸው ደግሞ ሞልቶ የፈሰሰ ተመላሽ ነው። አመድ ነስንሰውበት አያውቁም። «አመድ ቅጠል ያፍናል» ይላሉ።

ድንቁ የሚባለው ከመንገድ ማዶ ያለ ሰው ይህ ነገር ያንገበግበዋል።

«አንተ ምን ዓይነት ሰው ነህ?» ይለዋል ላቀውን። «ይህን የመሰለ አበባ ጉያህ ውስጥ ተቀምጦ ዓይንህ እንደ ወተት ይነጣል! እኛማ መንገድ ይለየናል። ከሩቅ መቅናት አልተፈቀደልንም።»

ላቀው ይስቃል። «አባቴም አልቀና፣ እኔም አልቀና። ምናልባት ልጄ ትቀናልህ እንደሆነ ጠብቅ።»

ልጁ ግን ቀኑን ሙሉ እማማ ይርገዱ ዘንድ ነበረች። በአጥሩ ሥር ሾልካ ትሄዳለች፤ ጭቃ ተለቅልቃ ትመለሳለች። አንድ በጋ አትጠገብ ከአሮጌ ነጠላዋ ቀሚስ ሰፋችላት፤ እንድታድግበት ብላ ሰፋ አድርጋ። የነጠላው ጥለት፣ አረንጓዴና ቀይ፣ ከቀሚሱ ጠርዝ ላይ ዋለ። ሳምንት ሳይሞላው ጠርዙ ተተርትሮ ተገኘ።

«ይህን ጠርዝ ማነው የተረተረው?» አለች አትጠገብ።

ትርንጎ እጇን ወደ ኋላ ደብቃ ሳቀች። «አይጥ ነው።»

«አይጧን ባገኛት ጆሮዋን ነበር የምቆነጥጣት።»

ያ በጋ አለፈ። ሌላም በጋ መጣና ሄደ። በክረምቱ ትርንጎን ትኩሳት ያዛት። ክረምቱ ሳይወጣ ሞተች። በዚያው ቀሚስ ቀበሯት። አትጠገብ የተተረተረውን ጠርዝ እየዳበሰች «ሳልሰፋላት» አለች።

ከቀብሩ በኋላ የዓይን ሹሙ ራሱ ለቅሶ ሊደርስ መጣ። ላቀውን ትከሻውን መታ መታ አደረገና፣ «እንግዲህ አንተስ ዐረፍክ። በዚህ ሰፈር ማንም የማይቀናብህ ሰው አንተ ብቻ ነህ» አለው። ይህ በዚያ አገር ማጽናኛ ነው።

በጋው ገባ። ጭቃው ደረቀ። የእማማ ይርገዱ መደብ ተሰነጣጠቀና ተመላሾቹ አንድ በአንድ ራሳቸውን አወጡ። ላቀው ደጃፉ ላይ ቆሞ አየ። በየዓመቱ አይቶት የሚያውቅ ነገር ነው። ዘንድሮ ግን አላስቻለው አለ።

መቀመጫውን አዞረ። ጀርባውን ለአጥሩ ሰጥቶ መብላት ጀመረ። ግን የትኛው እንቡጥ እንደፈነዳ ከእማማ ይርገዱ ቀድሞ ያውቃል። የገዛ መደቡ ላይ ዘር አልበተነም። «ለሂያጅ ነው የምደክመው?» አለ።

ከሁሉም አብልጦ አንጀቱን ያሳረረው አጥሩ ሥር ያለው ነው። ቅጠለ ሰፊ ነው፤ አበባው የብርቱካን ልጣጭ ይመስላል። እማማ ይርገዱ ማለዳ ቅላቸውን ይዘው ከቤት ሲወጡ ከሁሉ በፊት የሚያጠጡት እሱን ነው። አጠገቡ ቁጢጥ ይላሉ፤ ገለባውን ያስተካክላሉ፤ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል።

«ምን እያሉት ነው?» አለች አትጠገብ።

«እያሞካሹት ነዋ» አለ ላቀው። «ለእሳቸው ሁሉም ይመለሳል።»

«እሳቸው ምን አደረጉህ?»

«እሳቸው ምንም። አበባቸው ነው።»

ይህ የመኳንንቱ ቃል ነበር። ከአፉ ሲወጣ አላወቀውም።

አንድ ቀን እማማ ይርገዱ በአጥሩ ላይ ብቅ አሉ። «ላቀው፣ ልጄ፣ እስቲ ጎራ በል። የማሳይህ ነገር አለኝ።» ድንቁ ከመንገድ ማዶ ጆሮውን አቁሞ ስለነበር ከዚያ በላይ አልጨመሩም።

«አየሁት እማማ» አለ ላቀው። «ከዚህም ይታያል።»

«ከዚያስ አይታይም።»

«ይታያል አልኩ እኮ።» ጀርባውን ሰጣቸው።

በማግሥቱ ድንቁ መንገድ ላይ ያዘው። «ዓይንህ ቀልቷል፣ ላቀው።»

«አቧራ ነው።»

«አቧራ ሁለቱን ዓይን እኩል አያቀላም። ሂድና ይውጣልህ። ከፊትህ ሲነሳልህ እንቅልፍህ ይመለሳል።»

ላቀው የዓይን ሹሙ ዘንድ ሄደ።

በቀጠሮው ቀን መንደሩ ሁሉ ተሰበሰበ። በርጩማው በሁለት ሰው ሸክም መጣ፤ አንድ ልጅ የሚያነሳው ነገር ነው፣ ግን ክብር አለው። እጅ አሽታቹ የላቀውን መዳፎች አንድ በአንድ ወደ አፍንጫው አስጠጋ።

«ሽንኩርት የለበትም» አለ። «አፈር አፈር ይላል እንጂ።»

ላቀው ተቀመጠ። ከማለዳ እስከ ቀትር ያንን ባለ ሰፊ ቅጠል አየ። ማንም ምን እንደሚያስብ አልጠየቀውም፤ ሕጉ ስለ ሐሳብ አያወራም። ፀሐይዋ አናቱ ላይ ስትደርስ ሹሙ በአውራ ጣቱ የዓይኑን ሽፋን ገልብጦ ተመለከተና ወደ ሕዝቡ ዞረ።

«እንዲህ ያለ ንጹሕ ቅናት ካየሁ ስንት ዘመኔ! እዩ! ተማሩ!»

ሕዝቡ አጨበጨበ። ድንቁ ብቻ ፊቱ ጠቆረ። «በቅናቱ እንኳ በለጠን» አለ።

ቆፋሪዎቹ ገቡ። በደንቡ መሠረት እያንዳንዱ ሥር ሳይነቀል በፊት ሹሙ ይጠይቃል፤ «ይህን የተከለ እጅ የማን ነው?» ባለ መደቡ ይመልሳል። የሌላ ቤት እጅ ተክሎት ከተገኘ ሥር አጥር ዘሏል ማለት ነው፤ የሁለቱም ቤት መደብ ጨው ይዘራበታል።

«ይህን የተከለ እጅ የማን ነው?»

«የእኔ» አሉ እማማ ይርገዱ። ተነቀለ።

«ይህንንስ?»

«የእኔ።» ተነቀለ።

እማማ ይርገዱ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ደጃፋቸው ላይ ቆመዋል። አንዴ ብቻ ለአንዱ ቆፋሪ «ዶማውን ሰብሰብ አድርገህ ያዘው ልጄ፣ እግርህን እንዳትመታ» አሉት። የዕድሜ ልክ ልፋታቸው መንገድ ዳር ተከመረ። ላቀው በርጩማው ላይ እንደተቀመጠ ሆዱ እስኪበርድለት ይጠብቃል። አልበረደለትም። ያኛው ባለ ሰፊ ቅጠል ገና አልተነካም፤ እሱ ሲወድቅ ይበርድልኛል አለ።

መጨረሻ ላይ አጥሩ ሥር ደረሱ። ቆፋሪው ሰፋፊውን ቅጠል በማጭድ አጨደው። ከሥሩ አንዲት ችካል ብቅ አለች።

«ይህን የተከለ እጅ የማን ነው?»

እማማ ይርገዱ ዘገዩ። አጥሩን አልፈው ላቀውን አዩት። «የእኔ» አሉ።

ላቀው ግን እሳቸውን አላያቸውም። የሚያየው ችካሏ ላይ የታሰረውን ክር ነበር። ፀሐይና ዝናብ አደብዝዘውታል። ቢሆንም አረንጓዴና ቀይ ነው። ቋጠሮው የልጅ ቋጠሮ ነው፤ በላይ በላዩ፣ ቦታውን የሳተ።

ዶማው ወደ ላይ ተነሳ።

«ቆይ!» ላቀው ሲነሳ በርጩማው ተገለበጠ። «የልጄ ነው!»

«ምኑ?» አለ ሹሙ።

«እጁ። የተከለው እጅ።»

አትጠገብ በሕዝቡ መሐል መንገድ ከፍታ መጣች። አጥሩን ይዛ ክሩን አየች፤ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች።

ሹሙና እጅ አሽታቹ ራቅ ብለው ተመካከሩ። ሁሉም ሰው ይሰማቸዋል።

«የራሱ ከሆነ እንግዲያ አልቀናም ማለት ነው» አለ እጅ አሽታቹ።

«እንዴት አልቀናም? በጣቴ ገልብጬ አይቻለሁ! የተመሰከረ ቅናት ወደ ኋላ አይመለስም።»

«በራሱ ቀንቷል እንበላ። ራሱን ይንቀሉት።»

«አትቀልድ። ጨዉስ ይዘራ ወይ? አጥር ተዘሏል።»

«ተካይዋ ሞታለች። የሞተ ሰው አጥር የለውም።»

ሹሙ አገጩን አሸ። ከዚያ ፈረደ፤ «እጁ የሟቿ፣ መደቡ የሴትዮዋ ነው። ስለዚህ ግማሹ የሟቿ ነው፤ በእሱ ላይ አልቀናም። ግማሹ የሴትዮዋ ነው፤ በእሱ ላይ ቀንቷል። የተቀናበት ግማሽ ይነቀል!»

ቆፋሪው ዶማውን መሐል ለመሐል አሳረፈ። ግማሹ ከክምሩ ጋር፣ እንደ ደንቡ ማገዶ ሊሆን፣ ወደ ንጉሡ ምድጃ ተጫነ። ግማሹ ቀረ። ሦስተኛው በጋ ነበር፤ ሥሩ መከፈል ያለበት ጊዜ። ሹሞቹ በሕይወታቸው አንድ የአትክልተኛ ሥራ ሠሩ፤ እሱንም አላወቁትም።

መሬቱ ለላቀው ተሰጠ። አጥሩ በዚያው ዕለት ተነቅሎ ወደ ፊት ሄደና እማማ ይርገዱ ደጃፍ ላይ ተተከለ። ከቤታቸው ሲወጡ አፍንጫቸው አጥር ይነካል። በስተኋላቸው ገደሉ ነው።

ሕዝቡ ሲበተን ላቀው አጥሩን ይዞ ቆመ።

«ለምን አልነገሩኝም?»

«ና ብዬህ ነበር» አሉ እማማ ይርገዱ።

ላቀው ወደ ተረፈው ግማሽ ዞሮ አየ።

«እኔ እንኳ ነግሬያት ነበር» አሉ እማማ ይርገዱ። «ትርንጎዬ፣ ሥር አጥር አይዘልም፣ ግማሹን እንዴት ልትወስጂ ነው አልኳት። 'ለእኔ አይደለም፣ ለአባቴ ነው' አለችኝ። 'እሱ ረጅም ነው፣ ይሻገራል' አለች።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ላቀው የተረፈውን ግማሽ ይንከባከብ ጀመር። አያውቅበትም ነበር። እማማ ይርገዱ በአጥሩ ላይ ሆነው ይጮሁበታል።

«ከሥሩ ነው የሚጠጣው! ቅጠሉን ለምን ታጥበዋለህ፣ ሙሽራ ነው?»

«እሺ እማማ።»

«የጠወለገውን ቀንጥስለት። አትሳሳለት። ስትሳሳለት ነው ሳይመለስ የሚቀርብህ።»

ክረምት ሲገባ ላዩ በሰበሰ። ላቀው ዝናቡን እያየ እህል አልበላ አለ። በጋው ሲገባ አፈሩ ተሰነጠቀ። አትጠገብ ቀድማ አየችው። ሄዳ እጁን ያዘችው።

አንድ ቀን ላቀው ወደ አጥሩ ቀረበ። «እማማ፣ ይክሰሱኝ። አሁን አጥር የሚጋሩኝ እርስዎ ነዎት። በርጩማውን ያስመጡና መሬትዎን ይውሰዱ።»

«እቀናለሁ እንጂ፣ ሰው አይደለሁ?» አሉ። «ያ መደብ ጉልበቴን የበላ ነው። ማታ ማታ ስረግምህ ነው የማመሸው። ግን ከስሼህስ? የእሷን ግማሽ ሊነቅሉት አይደል?» ቀና ብለው አዩት። «አመድ የነሰነስክበት ቀን ግን እከስሃለሁ።»

ላቀው አመድ አልነሰነሰም። አበባው ከመንገድ ይታይ ጀመር። ድንቁ ሲያልፍ ፊቱን ያዞራል፤ ሲመለስም ያዞራል፤ በቀን ውስጥ ግን ስንት ጊዜ እንደሚያልፍ እሱ ያውቃል።

ሦስተኛው በጋ ደረሰ። ላቀው በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው ሁሉ እያየው፣ ዶማውን አንስቶ አበባውን ከነሥሩ አወጣው። መሐሉን ከፈለው። ግማሹን ቦታው መለሰው። ሌላውን ግማሽ እርጥብ ጆንያ ላይ አድርጎ ወደ እማማ ይርገዱ አጥር ተራመደ።

«ሥር አጥር አይዘልም!» ሲል ጮኸ ድንቁ ከመንገድ ማዶ። «አይዘልም! ሰዎች፣ እዩልኝ!» እየሮጠ ወደ ዓይን ሹሙ ሄደ።

ላቀው አጥሩ ዘንድ ሲደርስ ቆመ። ረጅም ሰው ነው፤ እጁን ቢዘረጋ ይሻገር ነበር። አልዘረጋም። ጆንያውን ቀስ ብሎ መሬት አስቀመጠ። ከዚያ የመጀመሪያውን ችካል ይዞ ወዘወዘው። ነቀለው። ቀጣዩንም። አትጠገብ ከቤት ወጥታ አየችውና ከወዲያኛው ጫፍ ጀመረች። አጥር መንቀል በሕጉ አልተከለከለም፤ የሚያደርገው ሰው ይኖራል ተብሎ አልታሰበማ።

ሹሙና እጅ አሽታቹ በርጩማውን አሸክመው ሲደርሱ ከላቀው ደጅ እስከ ገደሉ አፋፍ አንድ መሬት ነበር።

«አጥሩስ?» አለ ሹሙ።

«ነቀልኩት ጌታዬ።»

«ሥር ዘሏል ተብያለሁ!»

«ምኑን ዘለለ?»

ሹሙ መሬቱን አየ፤ የችካሎቹን ጉድጓዶች አየ። «በርጩማውን አስቀምጡ፤ ቅናቱ ይመርመር!» አለ።

«የት?» አሉ ተሸካሚዎቹ።

«አጥሩ ሥር ነዋ!»

ተሸካሚዎቹ ወዲህ አመጡት። «እዚህ?» አጥር የለም። ወዲያ ወሰዱት። «እዚህስ?» እዚያም የለም። እጅ አሽታቹ የላቀውን እጅ አሽትቶ «ያው አፈር ነው» አለ፤ ማንም አልሰማውም። ድንቁ ዓይኑ ደም መስሎ «እኔ ልቀመጥበት! እኔ ልቀመጥ!» ይላል። «አንተ ከመንገድ ማዶ ነህ፤ አልተፈቀደልህም» አለው ሹሙ።

እማማ ይርገዱ ከደጃፋቸው ወጡ። አጥር ሳይነካቸው ከወጡ ብዙ ጊዜያቸው ነው።

«ከያዛችሁት አይቀር ወዲህ በሉት» አሉ። «ጉልበቴን ይዞኛል።»

ያንን በርጩማ ለመቀመጫ ብሎ የጠየቀ ሰው ኖሮ አያውቅም። ተሸካሚዎቹ ግራ ተጋብተው ሰጧቸው። ተቀመጡበት። እግራቸውን ዘረጉ። ሹሙ እስኪነሱ ድረስ ቆሞ ጠበቀ፤ እሳቸው ግን አልቸኮሉም።

«ጥልቀቱን አታብዛው» አሉ፣ ላቀው ደጃፋቸው ፊት ጉድጓድ መቆፈር ሲጀምር። «አንገቱ አየር ይይ።»

«እሺ እማማ።»

«አፈሩን በእግርህ አትርገጠው። በእጅህ። እ... እንደዚያ። ክሩስ?»

ላቀው የገዛ ልብሱን ዳሰሰ። ሸሚዙ አዲስ ነው፤ ክሩ አልመዘዝ አለው።

አትጠገብ ግን አጠገቡ ተንበርክካ የነጠላዋን ጠርዝ መተርተር ጀምራ ነበር።